ቃሬዛው ከመንደር የሚነሣበት ሰዓት

ከገጠር ልማት ዘጋቢያችን

በገጠር ስለ ልማት ሲነሣ አስቀድመው ወደ ሐሳብ የሚመጡት ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ እርከንና የመስኖ ቦይ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ ከተመረቀበት ጊዜ አንሥቶ ሲጽፍ የቆየው በአብዛኛው ስለ እነዚሁ ነው። የወላድ እናቶች ጉዳይ የጤና ሠራተኞች ሥራ ነው ተብሎ ለብቻው ስለሚተው በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው። ሆኖም በአንድ የገጠር ሆስፒታል ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ በበጎ ፈቃድ ሲያገለግል የዋለ ሰው፣ ወላዷን የሚያድናት ወይም የሚያሳጣት ውሳኔ በአመዛኙ የሚሰጠው ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ፣ በመንደሩና በማኅበሩ ውስጥ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ይመለሳል።

ሆስፒታሉ የሚገኘው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በጉራጌ አገር፣ እንሰት ከጓሮ በማይጠፋበት ደጋማ ሥፍራ ነው። ስሙን ያልጠቀስነው ሕመምተኞቹንና ቤተሰቦቻቸውን ላለማጋለጥ ነው። «የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል» ከሚባሉት ወገን ነው። በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ይህን ወደ ገበሬ ማኅበር ስንመልሰው፣ ዛሬ ቀበሌ ይባል እንጂ በገጠሩ ዘንድ የቀድሞ ስሙ አልጠፋምና፣ አንድ ሆስፒታል እስከ ሃያ የሚደርሱ ማኅበራትን አዝሎ ይኖራል ማለት ነው።

ወደዚያ የወሰደን በየክረምቱ የሚካሄደው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። በነሐሴ ማለቂያ ላይ በዋለ አንድ ዓርብ ከወረዳው ከተማ የተነሣነው ስምንት ነበርን፤ አምስት ለዕረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዲት መምህርት፣ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛና የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሆስፒታሉ ሜትሮን በር ላይ ተቀብለው ሥራ አከፋፈሉን። ንግግራቸው አጭር ነበር። «መድኃኒትና መርፌ አትነኩም፤ የሕመምተኛ ካርድ አታነቡም፤ እዚህ ያያችሁትን ፊት በመንደር አታወሩም። ከባልዲ፣ ከመጥረጊያና ከቃሬዛ ግን የሚከለክላችሁ የለም» አሉን።

የመጀመሪያው ሥራችን ውኃ መቅዳት ሆነ። ወደ ግቢው የሚገባው የቧንቧ መሥመር ከተቋረጠ ሦስተኛ ቀኑ ስለ ነበር፣ ከታች ካለው ምንጭ በሃያ ሊትር ጀሪካን እየተሸከምን የማዋለጃ ክፍሉን በርሜሎች ሞላን። እስከ እኩለ ቀን ድረስ 46 ጀሪካን ቆጥረናል። ከማዋለጃ ክፍል የሚወጣውን አንሶላና ጨርቅ ያላየ ሰው ለአንዲት ወሊድ የሚፈሰውን ውኃ አይገምትም። ከተማሪዎቹ አንደኛው በአሥረኛው ጀሪካን ላይ ሲያጉረመርም፣ በመስኮት የሰማችው አዋላጅ ነርስ «ትናንት ይህን ስታመላልስ የዋለችው የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻዋን ነበረች» አለችው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

ወለል ስንወለውል በማዋለጃ ክፍሉ ጥግ አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ አየን። በውስጡ ከሚቀመጡት መካከል ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ ይገኝበታል። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል። የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ በየመንደሩ የዞረ የልማት ሠራተኛ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ክትባቱ በፀሐይ ከዋለ ከብቱ ተወጋ እንጂ ተከተበ አይባልም። በአገራችን ከወላድ እናቶች ሞት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ የደም መፍሰስ ነው። ብርቱ የደም መፍሰስ ከጀመረ ደግሞ ሕክምና ያላገኘች እናት በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ለዚህ ነው በቤት መውለድን ስንመርጥ ከሁለት ሰዓት ጋር ውል የምንገባው። መንገዱ አራት ሰዓት የሚወስድባት መንደር ይህን ውል ልትጠብቅ አትችልም።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው እንጨት እንድንፈልጥ ከግቢው ጀርባ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ተላክን። ማቆያው በአካባቢው ሕዝብ መዋጮ የተሠራ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ጎኑ ላይ ማዕድ ቤት አለው። በዕለቱ ዘጠኝ እርጉዞች ነበሩበት። ከሩቅ ቀበሌ የመጡ፣ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለዱ፣ መንታ የያዙ፣ ወይም ከዚህ በፊት ምጥ የጠናባቸው ሴቶች ቀናቸው ከመድረሱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ መጥተው ይቆያሉ። ምጥ ሲጀምራቸው ወደ ማዋለጃ ክፍሉ የሚሄዱት ግቢውን አቋርጠው በእግራቸው ነው።

ቆጮ እየጋገሩ፣ ጎመን እየቀነጠሱ፣ ቡና እያፈሉ ይውላሉ። አማርኛ ለማይናገሩት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው እያስተረጎመልን ስናነጋግራቸው፣ ብዙዎቹ ያነሡት የሕክምናን ነገር ሳይሆን የቤታቸውን ነገር ነው። አምስተኛ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት እናት «እኔስ መጣሁ። ጎረቤቴ ግን ቀኗ ከእኔ ይቀርባል፤ ልምጣ ብትል ላሟን ማን ያልብላታል? ልጆቹንስ ማን ያበላል?» አለችን። ነገሩ ቀላል አይደለም። በእንሰት አገር ግንዱን መፋቅ፣ መቅበርና ቆጮውን ማሰናዳት የሴቶች ሥራ ነው። ባልየው እንሰት ተክሎ ያሳድጋል እንጂ ወደ ማዕድ አያደርሰውም፤ ስለዚህ እናቲቱ ለሦስት ሳምንት ከቤት ስትወጣ ቤቱ ጦሙን ሊያድር ይችላል። ሌላዋ ደግሞ ቀኗ በመስከረም አጋማሽ የሚሆን ወጣት ናት፤ አማቷ «መስቀል ሳትበላማ ከቤት አትወጣም» ብለው ይዘዋት ነበር። የጉራጌን መስቀል ለሚያውቅ ሰው የአማቲቱ ክርክር ዋዛ አይደለም። ወጣቷን ያስለቀቃት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ራሳቸው ቤት ድረስ ሄደው «የመስቀሉ ሥጋና ቅቤ ማቆያው ድረስ ይሄድላታል» ብለው ቃል በመግባታቸው ነው። ሰውየውን በዕለቱ አላገኘናቸውም እንጂ ብናገኛቸው ከዚህ ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ ይወስዱ ነበር።

ማቆያው የሚጠቅም መሆኑ በግምት የተያዘ ነገር አይደለም። በዚሁ በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለእርጉዞች ማቆያ ከከፈቱት ቀደምት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ከ1987 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) የነበረው የሃያ ሁለት ዓመት መዝገቡ ተጠንቶ ይፋ ሆኗል። በእነዚያ ዓመታት ከተመዘገቡት 24,148 ወሊዶች ውስጥ 6,805ቱ በማቆያው ቆይተው የወለዱ፣ 17,343ቱ ደግሞ በቀጥታ የመጡ ነበሩ። በማቆያው ከቆዩት ዘንድ የሞተው እናት ቁጥር በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናት ሲሰላ 90 ያህል ነው፤ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ 1,333 ነው። ሞተው የተወለዱት ሕፃናት ከማቆያው ወገን ከ1,000 ውስጥ 18 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት ወገን 191 ናቸው። በሌላ አነጋገር በቀጥታ ከመጡት ከአምስቱ የአንዷ ያህል ሕፃን ሞቶ ተወልዷል።

ይህን ቁጥር ለስብሰባ የሚያነብ መሪ አንድ ነገር ማስተዋል ይኖርበታል። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ሆስፒታል የሄዱት ምጡ ከጠናና ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ቤት ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ግን ማቆያው የተቀበላቸውም ጤነኛና ምንም የማያሰጋቸውን መርጦ አይደለም፤ ይልቁንም አስጊ ሁኔታ አለባቸው የተባሉትን ነበር። አስጊ የተባሉት አስቀድመው በመምጣታቸው በደህና ወለዱ፤ ደህና ናቸው ተብለው በቤት የቀሩት ግን ዘግይተው ሲመጡ ብዙዎቹ ተጎዱ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥናቱ የሚያነበው ይህን ነው።

ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ተኩል ላይ እንጨቱን ጨርሰን ምሳ ልንቀምስ ስንል የጥበቃው ሠራተኛ ተጣራ። አንድ አይሱዙ በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላው ከባሕር ዛፍ ወራጅና ከጠፍር በተሠራ ቃሬዛ ላይ በጋቢ የተሸፈነች ሴት ተኝታለች። ስድስት ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ዙሪያዋን ከበዋል። አራት ሆነን ከመኪናው ወደ ድንገተኛ ክፍል አገባናት። ቃሬዛው በትከሻችን ላይ የቆየው ሃምሳ እርምጃ ለሚሆን መንገድ ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ትከሻችን ላይ ምልክቱን ተወው። እነዚያ ስድስት ሰዎች ለአራት ሰዓት ተሸክመውታል።

አዋላጇ ሆዷን ዳሰሰችና ወዲያው የቀዶ ሕክምና ክፍሉን በር እንዲከፈት አዘዘች። የሚሠራው ባለሙያ ለእንዲህ ዓይነት ድንገተኛ ሁኔታ በሁለተኛ ዲግሪ ከሠለጠኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አንዱ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ሰብስፔሻሊስት ሐኪም ባልደረሰበት የገጠር ሆስፒታል ውስጥ ስንት ነፍስ እንደሚያተርፉ በከተማ ያለ ሰው የሚያውቅ አይመስልም። የእኛ ድርሻ የደም ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ በሩጫ ማድረስ፣ ውኃ ማቅረብና ከበር ላይ ሰው መመለስ ነበር። ሆስፒታሉ ከደረሰች በ40 ደቂቃ ውስጥ ቀዶ ሕክምናው ተጀመረ።

ማህፀኗ ተቀድዶ ነበር። ሕፃኑ በመንገድ ላይ ሞቷል። እናቲቱ በሁለት ከረጢት ደም ተረፈች።

ሕፃኑ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲወጣ አዋላጇ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሰጠችና «ለአባቱ በእጅህ አድርስለት፤ መሬት ላይ እንዳታስቀምጠው» አለች። አባትየው የሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ገበሬ ነው። ተቀብሎ ጋቢውን ደረበበት። ከዚያ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እርሷ ተናግራለች?» አለ። ገና መሆኑን፣ ግን በሕይወት መኖሯን ነገርነው። በቤት አራት ልጆች አሉት።

ከተሸካሚዎቹ መካከል የማኅበራቸው ሊቀ መንበር ነበሩ። ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ ሰው ናቸው፤ ቃሬዛውን እንደ ማንኛውም አባል ተራቸውን ጠብቀው ተሸክመዋል። ጭቃቸውን ታጥበው ሻይ ከቀመሱ በኋላ ሰዓቱን አብረን ቆጠርነው። ይህን ቆጠራ እዚህ ላይ ሳንቆርጥ እናቀርበዋለን፤ ሌላው መሪ ከራሱ ማኅበር ጋር እንዲያስተያየው ነው።

ምጡ የጀመረው ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ «አራቱን በቤት ወልዳለች፤ አምስተኛውንም ትወልዳለች» ተብሎ ተጠበቀ። ቤተሰቡ ለሊቀ መንበሩ የላከው ዓርብ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚህ አሥር ሰዓት ሄደ። ከዚያ ተሸካሚ ፍለጋ ሆነ። ቃሬዛው በእድሩ ሰብሳቢ ቤት ነበር፤ ሰብሳቢው ለልቅሶ ሌላ መንደር አድረው ቤቱ ተዘግቷል። በተለመደው አሠራር ለሩቅ መንገድ አሥራ ሁለት ሰው በሁለት ፈረቃ ይሸከማል፤ የተገኙት ግን ስድስት ናቸው፤ የቀሩት ማለዳ ወደ እርሻ ወጥተዋል። ቃሬዛው ከጀፎሮው የተነሣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እኛ በሆስፒታሉ በር ላይ ሥራ ስንከፋፈል ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል በዚህ አለፈ። ወደ መኪና መንገድ ለመድረስ አራት ሰዓት ተጓዙ። ከአራቱ አንዱ ሰዓት የጠፋው በወንዙ ላይ የነበረው የግንድ ድልድይ በሐምሌ ጎርፍ ስለ ተወሰደ ወደ ላይኛው መሻገሪያ በመዞር ነው። መንገድ ላይ ደርሰው የወረዳውን አምቡላንስ ቢጠሩ፣ በሌላ አቅጣጫ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። አንድ ሰዓት ተኩል ቆመው ጠበቁ። በመጨረሻ እህል ጭኖ ሲመለስ የነበረው የአይሱዙ ሾፌር ጭነቱን ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ጫናቸውና በግማሽ ሰዓት አደረሳቸው።

በጠቅላላው አሥራ ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚህ በተጨማሪ በሆስፒታሉ እጅ የነበረው 40 ደቂቃ ነው።

የጤና ባለሙያዎች ይህን በሦስት መዘግየት ይከፍሉታል፤ ለመሄድ በመወሰን ላይ፣ በመንገድ ላይ፣ በጤና ተቋሙ ውስጥ ሕክምና በማግኘት ላይ የሚደርስ መዘግየት ነው። በዚህች እናት ላይ የደረሱት ሁለቱ ከማኅበሩ ክልል ውስጥ ናቸው። ሊቀ መንበሩ ይህን ሲሰሙ አልተከራከሩም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ለማዳበሪያ የሰው ስም ዝርዝር አለን። ማን ስንት ኩንታል እንደሚወስድ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት በቃሌ እነግርሃለሁ፤ ልጄ፣ ለእርጉዝ ግን ዝርዝር የለንም» አሉ።

አዋላጇ ከኋላ ሆና ሰምታ ኖሮ ዝርዝሩ መኖሩን ነገረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ የተደረገው ከሌላው ሁሉ ጋር ይህንንም እንዲያውቁ ነው። እርጉዞቹን ቤት ለቤት እየዞሩ ይመዘግባሉ፤ መውለጃ ቀናቸውንም ይገምታሉ። መዝገቡ በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ነው፤ የተሸካሚዎቹ ስም ደግሞ በእድሩ ደብተር ላይ ነው። ሁለቱ ደብተሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። የእርጉዞቹ ስም በአደባባይ ይነበብ ማለት አይደለም፤ ያ ነውርም ጉዳትም አለው። የጤና ሠራተኛዋ፣ ሊቀ መንበሩና የእድሩ ሰብሳቢ በወር አንድ ቀን ተቀምጠው የማን ቀን እንደ ደረሰና የየትኛው ጎጥ ተራ እንደ ሆነ ቢነጋገሩ ግማሽ ሰዓት አይወስድባቸውም።

እዚህ ላይ የእርሻ ሰው የሆነ ሁሉ ከጤና ሠራተኛው ይልቅ የሚያውቀው ነገር አለ። ወንዙ የሚሞላበትን ወር እናውቃለን። ወንዱ ሁሉ ከቤት ወጥቶ በማሳ ላይ የሚውልበትን ሳምንትም እናውቃለን። ቀኗ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚደርስ እርጉዝ ከወንዝ ማዶ የምትኖር ከሆነ፣ ምንም ሕመም ባይታይባት እንኳን፣ ወንዙና የሥራው ወራት ራሳቸው በአስጊ ደረጃ ያስቀምጧታል። ቀኗ በጥር የሚሆነውና ከመኪና መንገድ ዳር የምትኖረው እንደ እርሷ አይደለችም። ማዳበሪያ ከዝናብ በፊት ካልገባ ወንዝ እንደሚዘጋበት ያወቀ ማኅበር ይህን ቀመር ሌላ ሰው እንዲያስተምረው አያስፈልገውም።

ስለ ድልድዩም ጠይቀናቸው ነበር። ሁለት ግንድና የአንድ ቀን ደቦ የሚበቃው መሻገሪያ እንደ ሆነ፣ ግን «ወረዳው ይሠራዋል» ተብሎ ከሐምሌ ጀምሮ እንደ ቆየ ነገሩን። ወረዳው ቢሠራው የተሻለ ድልድይ ይሠራል፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከየንግዳቸው አዋጥተው የአገራቸውን መንገድ ማስጠረጋቸውን አባቶች እስከ ዛሬ በኩራት ያወሩታል። በዚህ አገር ላይ ሁለት ግንድ ሁለት ወር መጠበቁ ያስገርማል።

በአንድ ነገር ግን ይህ ማኅበር ሊመሰገን ይገባዋል። ባልየው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መታወቂያ ከኪሱ አውጥቶ ሲያሳይ ለሕክምናው በር ላይ ገንዘብ አልተጠየቀም። መድኑ እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋ ነው። ሊቀ መንበሩ መዋጮውን የሚሰበስቡት ገበሬው እህሉን ከሸጠ በኋላ፣ ገንዘብ በእጁ እያለ ነው። «በሐምሌ ብጠይቀው ከየት ያመጣል?» ይላሉ። በነገራችን ላይ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የወሊድ አገልግሎት ከክፍያ ነፃ መሆኑን ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ አያውቁም ነበር።

በማቀዝቀዣው ውስጥ ለእናቲቱ የሚሆነው ደም ሁለት ከረጢት ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ለእርሷ ዋለ። በዚያች ሰዓት ሌላ ደም የሚፈስሳት ወላድ ብትመጣ ምን እንደሚሆን የላቦራቶሪ ባለሙያውን ጠየቅነው፤ ወደ ትልቁ ከተማ እንደምትላክ ነገረን። ደም በፋብሪካ አይሠራም፤ ከሰው ከተወሰደ በኋላም በቅዝቃዜ የሚቆየው 35 ቀን ያህል ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን በዘመቻ መስጠት አይበቃም። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰና ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ ሊሰጥ ይችላል። ከተሸካሚዎቹ አንደኛው «ደሜን ሰጥቼ ነገ በሬ መጥመድ ይሳነኝ ይሆን?» ሲል ጠየቀ። ባለሙያው የሚወሰደው ግማሽ ሊትር የማይሞላ፣ ሰውነት ግን አምስት ሊትር ያህል የሚይዝ መሆኑን ገለጸለት። የዚያን ዕለት ከባድ ሥራ እንዳይሠራ፣ ውኃ አብዝቶ እንዲጠጣም መከረው። የደም ባንክ ቡድን ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ሥፍራ ሄዶ ይሰበስባል፤ ጠሪ ያስፈልገዋል እንጂ።

በአገር ደረጃ ለውጡ ትንሽ አይደለም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 412 ሆኖ ተገኝቷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2011 ከመቶ 10፣ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ነበሩ። ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ አምቡላንስና አዋላጅ ያላዩ ብዙ ቀበሌዎች በእነዚህ ዓመታት አይተዋል። የቀሩት እናቶች ግን በአብዛኛው ከወንዝ ማዶ፣ ከዳገት ላይ፣ መኪና ከማይደርስበት ያሉት ናቸው። እነርሱን የሚያመጣቸው ተጨማሪ ሕንጻ ሳይሆን ቃሬዛ፣ ትከሻና ቀድሞ መነሣት ነው።

ከሞት የተረፈችም እናት ሁልጊዜ በደህና አትመለስም። ምጥ ለቀናት ሲጠናባት ፌስቱላ የሚይዛት አለች። ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት፣ ከገበያም ከእድርም ርቃ በጓዳ የምትኖር ሴት በማኅበራችሁ ውስጥ ትኖር ይሆናል። ይህ እርግማን አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ይድናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ሕክምናውን ያለ ክፍያ ይሰጣል። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋዓለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎችን ከፍቷል። ለእንዲህ ያለችው ሴት መንገዱን የሚጠቁማት ሰው ብዙውን ጊዜ ሐኪም ሳይሆን ጎረቤት ነው።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ እናቲቱ ነቃች። ባሏ እንዲገባ ተፈቀደለት። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን በውኃ አጥበው፣ ጠፍሩን ዘይት ቀብተው ግድግዳ ላይ አስደግፈውታል፤ ሁለቱ ሕፃኑን ይዘው አስቀድመው ተመልሰዋል። ሊቀ መንበሩ ግን ገና አልተነሡም። በሞባይል ስልካቸው የቀበሌያቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደውለው አግኝተዋታል። «እስከ መስከረም መጨረሻ ቀናቸው የሚደርሰውን ንገሪኝ፤ እኔው ራሴ እጽፋለሁ» እያሉ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። እርሷ ከመዝገቡ እያነበበች፣ እርሳቸው ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው እየጻፉ፣ ሰባት ስም ሞላ። ከዚያ የእያንዳንዷን ጎጥ ጠየቁና በአንዳንዶቹ አጠገብ ምልክት አደረጉ።

ወደ አዋላጇ ዞረው «ሲስተር፣ በማቆያው ስንት አልጋ ባዶ አለሽ?» አሏት።

«ሁለት» አለች።

ደብተራቸውን እንደገና ተመለከቱ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሦስት ናቸው። «እንግዲያው ፍራሽና የሦስት ሳምንት ቆጮ ጨምረን እናመጣለን፤ ማክሰኞ ገበያ ስለሆነ አይሱዙው ይኖራል» ብለው ደብተሩን ወደ ኪሳቸው መለሱ።